ያልተነበበው ግማሽ

እንደራሴ ነበርኩ። እንደራሴ ማለት በንጉሡ ጊዜ አገር መርጦ አዲስ አበባ ምክር ቤት የሚልከው፣ ሕግ ሲወጣ እጁን የሚያነሳ፣ የአገሩን ጭንቅም ለመንግሥት የሚያሰማ ሰው ነው። እጅ በማንሳት በኩል እኔን የሚያህል አልነበረም። ዛሬ ቀኝ ትከሻዬን የሚጠዘጥዘኝን ሐኪሙ እርጅና ነው ይለዋል፤ እኔ ግን ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። የአገሩን ጭንቅ ማሰማቱ እንዴት እንደሆነልኝ ነው እንግዲህ የምጽፈው።

መካነ ሰላም ውስጥ ጨውና አቡጀዲ የምሸጥ ነጋዴ ነበርኩ። ለመመረጥ ንብረት ያስፈልግ ስለነበር ከአባቴ የወረስኳት ቁራሽ መሬት ጠቀመችኝ፤ ገብስ አብቅላ የማታውቅ መሬት እንደራሴ አበቀለች። ማንበብ ለማይችለው መራጭ ሲባል ለየተወዳዳሪው አንድ አንድ ሥዕል ይሰጥ ነበር። ለተቀናቃኜ በሬ ደረሰው፤ ለእኔ ጃንጥላ። ገበሬ በሬ ትቶ ጃንጥላ አይመርጥም ብዬ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። ደግነቱ የሱ በሬ ሲታተም አህያ መሰለና እኔ አሸነፍኩ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ግን ያሸነፍኩት በንግግሬ ነው እላለሁ።

ንግግሬም ቢሆን ክፉ አልነበረም። በየገበያው ጠረጴዛ ላይ ቆሜ እንዲህ እል ነበር፤ «መርጣችሁኝ ስታበቁ ቤታችሁ ገብታችሁ አትተኙ። ችግር ሲመጣ ጻፉልኝ። አፍ ላይ ያለ ነገር ይረሳል። የተጻፈና የጣት አሻራችሁ ያረፈበት ወረቀት ግን አዳራሽ ውስጥ ይነበባል፤ ሹም ተጠርቶ መልስ ይሰጥበታል።» ይህ ውሸት አልነበረም። ሹም በአንዲት ወረቀት የተነሳ አዳራሹ መካከል ቆሞ ላብ ሲያጠምቀው በዓይኔ አይቻለሁ። መንገዱ ነበረ ማለቴ ነው። እንዲህ የምለው ጥፋቱን ሁሉ ለመንገዱ ሰጥቼ እንዳልሸሽ ነው።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። አንድ ክረምት ቀረ፤ ሁለተኛውም ደገመ። ገበያ ውስጥ ሳልፍ እንጨት የምትሸጥ አንዲት ሴት ጓደኞቿ እንዲሰሙላት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

«እኛው ነን እኮ ያጠፋነው! ጃንጥላ መረጥን፤ ይኸው ዘርግቶ ሰማዩን ከለለብን። ኧረ ባክህ እጠፍልን ጌታው!» አለችኝ።

ገበያው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያን ጊዜ ገና የሚሳቅበት ነበር።

ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ሲወርዱ፣ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ፣ ገደሉ አፍ ላይ የተቀመጠ መንደር አለ። አለ አልኩ እንዴ? ነበረ። ማሽላ የሚያበቅሉ እስላምና ክርስቲያን ተደባልቀው ይኖሩበት ነበር። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ምክር ቤቱ ከክረምት ዕረፍት ሊከፈት ሲል፣ ከዚያ መንደር ሦስት ሰዎች ቤቴ መጡ። ፊተኛው የአባቴ የገበያ ጓደኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ከንፈራቸው ደርቋል፤ ጥምጥማቸው ግን ንጹሕ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም! እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ባለቤትህ ደህና? ቤቱ ደህና? ከብቱ ደህና?»

«ደህና፣ እግዜር ይመስገን። እርስዎስ? ቤተሰቡ?»

«አልሐምዱሊላህ! ደህና ነን። አንቱ ልልህ ተማክረን ነበር የመጣነው፤ ሰዎቹ መከሩኝ። ምላሴ እንቢ አለኝ እንጂ። እናትህ ጀርባ ላይ ስታለቅስ ነው የማውቅህ።»

«አንተ ይበቃኛል አባባ፤ ምን ቆርጦኝ አንቱ እባላለሁ!» አልኩ። ትንሽ ግን ከፍቶኛል።

የወሎ ሰላምታ አጭር አይደለም። የሰው ጤና ተጠይቆ፣ የከብቱ ተጠይቆ፣ የጎረቤቱ ተጠይቆ፣ ሁሉም ደህና ተብሎ ሲያበቃ ነው ወደ ነገር የሚገባው። ያን ቀንም ሁሉም ደህና ነው ከተባባልን በኋላ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ማሽላው በቁሙ መድረቁን፣ በሬዎቹ ተሸጠው ማለቃቸውን፣ የዘሩን እህል እየቆረጠሙ መሆኑን ነገሩኝ።

«ጎረቤት መንደር ወደ ደሴ መንገድ ሊወጣ ነው» አሉ። «ጎዳና ዳር የተቀመጠ ሰው ሾርባ ያገኛል ይላሉ። እኛም ልንነሳ ነበር። ግን አንተ ጻፉልኝ ብለህ ነበር፤ ሳንጽፍልህ ብንሄድ አንተን ማዋረድ ይሆንብናል ብለን መጣን።»

አንብቡት ይህን፤ እኔን ላለማዋረድ ነው የመጡት።

«በፍጹም እንዳትነሡ!» አልኳቸው። «ቤታችሁን ጥላችሁ የት ትሄዳላችሁ? ተቀመጡ። ወረቀቱን እኔ ራሴ አነባለሁ፤ እህሉ ይመጣል።»

«ይመጣል?»

«ይመጣል አልኩ እኮ!»

እስክሪብቶና ወረቀት አመጣሁ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል፤ በዚያ ላይ ሲያዩኝ ይበልጥ ያምራል። እንዲህ ጀመሩ፤

«ለተከበረው ምክር ቤት። አሰላሙ አለይኩም። ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ በጣም ደህና ነን። ልጆቻችን ደህና ናቸው፤ ከብቶቻችን ደህና ናቸው፤ አገሩ ሰላም ነው።»

ብዕሬን አቆምኩ። «አባባ፣ ከብቶቻችሁ ተሸጠው የለ?»

«ታዲያ ሰላም ሳንላቸው መርዶ ልናረዳቸው ነው? ነውር አይደለም እንዴ? የት ያደግን ልንባል ነው! ጻፍ ዝም ብለህ። ወደ ነገሩ እንመጣለን።»

ጻፍኩ። ቀጠሉ፤ «የመረጥነው እንደራሴ እንደ አባት ይጠብቀናል። አላህ ዕድሜውን ያርዝምልን። እሱ ከተመረጠ ወዲህ የጎደለብን ነገር የለም።»

«ይኼስ ይቅር» አልኩ። አፌ ይቅር ሲል እጄ ግን ከእሳቸው ቃል ቀድሞ ይጽፍ ነበር። አላህ ዕድሜውን ያርዝምልን የሚለውን እንዲያውም በደማቁ አሳመርኩት።

ወረቀቱ እኩሌታው ሲሞላ ነው «ነገር ግን» ያሉት። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ነበረበት፤ የደረቀው ማሽላ፣ የተሸጠው በሬ፣ የሞቱት ሕፃናት፣ እህል እስከ ጥር ካልደረሰ የሚተርፍ ሰው እንደሌለ። ሦስቱም አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙበት። ወረቀቱንም ተሸክመው ወርደው የመንደሩን ሰው ሁሉ አሻራ አሳተሙበትና በሳምንቱ መለሱልኝ። ወንዱም ሴቱም አትሟል። ግርጌው ሞልቶ ጀርባው ላይ አልፏል።

ባለቤቴ ፊደል የቆጠረች ናት። አነበበችውና፣

«ይኼን ላይኛውን ቆርጠህ ጣለው» አለችኝ።

«የሰው ሰላምታ ይቆረጣል እንዴ?»

«እሺ አትቁረጠው። ስትቆም ግን ከ‹ነገር ግን› ጀምረህ አንብብ። ወሎዬ ደህና ነኝ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። እነሱ አያውቁም።»

«ምክር ቤት ገብተሽ የምታውቂ ነው የሚመስለው» አልኳት። ትክክል መሆኗ ገብቶኝ ነበር። ያልገባት አንድ ነገር ነበር፤ እኔን የሚያመሰግነው «ነገር ግን» ከሚለው በላይ መሆኑ። ለነገሩ እሱም ገብቷት ነበር መሰለኝ።

በበቅሎ እስከ አቀስታ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ደሴ፣ ከደሴ በአውቶቡስ አዲስ አበባ። በተከራየኋት ክፍል ውስጥ መስተዋት ፊት ቆሜ ንባቡን ስለማመድ ሰነበትኩ። ተራዬ ደረሰ። ለአንድ እንደራሴ የምትሰጠው ጊዜ አጭር ናት፤ ሰብሳቢው ደወል አለው። እኔም ይህን እያወቅሁ ካፖርቴን አስተካክዬ፣ ሳልኩና፣ «ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ?» ብዬ ጀመርኩ።

አዳራሹ ፈገግ አለ። የአገር ሰው ሰላምታ ያስደስታል። ፈገግታውን ሳይ ንባቤን ቀስ አደረግሁት። እንደ አባት ይጠብቀናል የሚለው ጋ ስደርስ አንዱ እንደራሴ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ምን ልበላችሁ፣ ያን ዓረፍተ ነገር ደገምኩት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሰው ሊሞት ነው የሚል ወረቀት ይዤ የራሴን ምስጋና ሁለት ጊዜ አነበብኩ።

ስለ እህል ጉዳይ መልስ ሊሰጥ የተጠራ አንድ ሹም ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር። እጁን አነሣ።

«የተከበሩ እንደራሴ ያነበቡልን ወረቀት አገሩ ሰላም፣ ልጁም ከብቱም ደህና፣ የጎደለም ነገር እንደሌለ ይገልጻል። በጣም ደስ ብሎናል። ጥያቄው ግን አልገባኝም።»

ሳቅ ሆነ።

«ቀሪው አለ፤ ከዚህ በታች…» ስል ደወሉ ተደወለ።

«ቀሪው በጽሑፍ ለጽሕፈት ክፍሉ ይግባ» አለ ሰብሳቢው። ቀጣዩን ሰው ጠራ።

ተቀመጥኩ። መጮህ ይቻል ነበር። አዳራሹ መካከል ቆሜ ሰው እየሞተ ነው ብዬ ብጮህ ሁለት ዘበኞች ይዘውኝ ይወጡ ነበር፤ በማግሥቱ ግን ከተማው ሁሉ ይሰማ ነበር። እኔ ግን ጨዋ ነኝ። ለዕረፍት ስንወጣ የሌላ አውራጃ እንደራሴዎች እጄን እየጨበጡ፣ «አንተስ ታድለሃል፣ ሕዝብህ እንዴት ይወድሃል!» አሉኝ። የቀረበልኝን ሻይ እስክጨርስ ድረስ ደስ ብሎኝ እንደነበር ደብቄ አልሞትም።

ወረቀቱን ለጽሕፈት ክፍሉ ሰጠሁ። ሳምንት ቆይቼ ጠየቅሁ፤ ተመርቷል አሉኝ። ደግሜ ጠየቅሁ፤ ተመርቷል። ታኅሣሥ ላይ ፈቃድ ጠይቄ ደሴ ወረድኩና እህል ከሚያከፋፍለው ሹም ዘንድ ገባሁ። የደከመው ሰው ነበር፤ ዓይኑ ቀልቷል። የመንደሩን ስም ስነግረው ከክምር ውስጥ አንድ ወረቀት ጎትቶ አወጣ። የዚያ ቀን የምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ግልባጭ ነው። «የጎደለብን ነገር የለም» ከሚለው ሥር በቀይ ተሰምሯል።

«ጌታዬ» አለኝ፣ «ያለኝ እህል ጥቂት ነው። አለቅን ብለው ለጻፉት ሰጠሁ። የእርስዎ ሰዎች ደህና ነን ብለዋል።»

«እሱ እኮ ሰላምታ ነው! ሌላ ግማሽ አለው!»

«ሌላ ግማሽ አልደረሰኝም።»

«ሰላምታ ነው እያልኩህ! አንተስ እናትህ ዘንድ ስትጽፍ ምን ብለህ ነው የምትጀምረው?»

ቀና ብሎ አየኝ። «እናቴ ዘንድ ስጽፍ እህል አልጠይቃትም» አለ። «ሰላምታ መሆኑን የሚያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም? እርስዎ የት ነበሩ?»

ባርኔጣዬን አንስቼ ወጣሁ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ከአቀስታ ወዲህ ያለው መንገድ ሰው በሰው ሆኖ ነበር። ብርድ ነው። ከቆላ የወጡ ስለሆኑ ልብሳቸው ስስ ነው። የዚያ የጎረቤት መንደር ሰዎች ናቸው። አንዱ በቅሎዬን ይዞ ውኃ ለመነኝና ሰጠሁት። ማን መሆኔን አላወቀም።

«ከቆላው ሰው ሁሉ ወጣ?» አልኩት።

«እኛ ወጣን። ገደሉ አፍ ላይ ያሉት ግን ቁጭ ብለዋል። ታድለዋል እነሱ። እንደራሴው ጽፎላቸዋል፤ እህል ይመጣላቸዋል። እኛ የሚጽፍልን አጥተን መንገድ ለመንገድ ቀረን።»

ባርኔጣዬን ወደ ዓይኔ ሳብ አድርጌ በቅሎዋን ነካ አደረግኋት። እነዚያ የሚጽፍላቸው ያጡት፣ ብዙዎቹ፣ ሾርባውን አግኝተው ተርፈዋል።

ጥር ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሱቄ ደጃፍ ላይ ሳለሁ ሽማግሌውን ከሩቅ አየኋቸው። በበትር ነው የሚሄዱት። ብቻቸውን ናቸው። ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁና በጨው ክምር ጀርባ ቁጭ አልኩ። የተከበረው እንደራሴ! ለባለቤቴ «የለም በያቸው» አልኳት። አየችኝና ወጣች።

«እንዴት ዋልሽ ልጄ? ደህና ነሽ? ባለቤትሽ ደህና?»

«ደህና አባባ። ይቀመጡ። አሁን የለም።»

«አይ፣ አልቀመጥም። ከተቀመጥኩ የምነሣ አይመስለኝም።» ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። «አንዲት ቃል ብቻ ነው የምፈልገው። ሰዉ ደክሟል። ዛሬ ከተነሣን የሚሄድ አለ፤ ሳምንት ካለፈ ግን የሚራመድ አይኖርም። እህሉ ከደሴ ተነሥቶ ከሆነ እንጠብቃለን። ካልተነሣ እንሂድ። እንቀመጥ ወይስ እንሂድ? እሱን ብቻ ይንገረን።»

በግድግዳው ተለይተን አንድ ክንድ አልራቅኋቸውም። ሂዱ። ይህቺን ብቻ ነው የሚፈልጉት። ግን ሂዱ ለማለት መውጣት አለብኝ፤ ከወጣሁ ስለ ቀይዋ መስመር መናገር አለብኝ፤ የራሴን ምስጋና ሁለት ጊዜ ማንበቤን መናገር አለብኝ። ከጨው ክምሩ ጀርባ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

«ሲመጣ እነግረዋለሁ» አለች ባለቤቴ። ቤት ያለውን የገብስ ዱቄት በቁና ሰፍራ ሰጠቻቸው። ሲመርቋት ሰማሁ። እኔንም መረቁኝ፤ እንዲያውም በስሜ ጠርተው መረቁኝ። ሄዱ።

ባለቤቴ ወደ ጓዳ ገብታ በላዬ ቆመች።

«ገና ሩቅ አልደረሱም። ሮጠህ ሂዱ በላቸው።»

«ነገ በቅሎ ጭኜ ራሴ እወርዳለሁ።»

«ነገ ምን ይጨመርልሃል?»

«ነገ አልኩሽ!»

በማግሥቱ ጫንኩ። የጫንኩት ግን ወደ አዲስ አበባ ነው። እዚያው ሄጄ ብወተውት ይሻላል ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ እኔን ማሳመን ከባድ አይደለም።

አዲስ አበባ የካቲት ሲገባ ተናወጠች። ወታደሩ፣ ተማሪው፣ ታክሲ ነጂው ሁሉ ተነሣ። ምክር ቤታችን ውስጥም ዝም ያለው ሁሉ መናገር ጀመረ፤ ሹም ሲሰደብ ይጨበጨባል። እኔም ደፈርኩና ተነሥቼ ከጽሕፈት ክፍሉ መልሼ ያወጣሁትን ወረቀት «ነገር ግን» ከሚለው ጀምሬ አነበብኩ። ጮኼ አነበብኩ። ተጨበጨበልኝ። በዚያው ሳምንት የባለቤቴ ደብዳቤ ደረሰኝ። በዕድሜዬ ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ያየሁት ያን ብቻ ነው። «ከቆላው መንደር ጭስ አይታይም» ይላል። «ሽማግሌው አቀበቱ ላይ ተገኝተዋል። ፊታቸው ወደ እኛ ቤት ነበር።» ሌላ ነገር የለውም።

ከዚያ ንጉሡ ወረዱ፣ ምክር ቤቱም ተዘጋ፤ እኔም ካፖርቴን ይዤ መካነ ሰላም ገባሁ። በተከታዩ ዓመት አዲሱ መንግሥት ወደ ገጠር የላካቸው ዘማች ተማሪዎች መጡና ሕዝቡን ገበያው ሜዳ ላይ ሰበሰቡ። የድሮ ሹም፣ የድሮ ባለመሬት፣ የድሮ እንደራሴ አንድ በአንድ እየቆመ ሕዝቡ ይፈርድበታል። የእኔ ተራ ደረሰ። መነጽር ያደረገ ዘማች ደብተሩን ከፈተ።

«ጓዶች! በዚህ ሰው የተበደለ እጁን ያንሣና ይናገር። አትፍሩ፤ ዛሬ የእናንተ ቀን ነው።»

አንዲት ሴት «ጨው አጉድሎ ሸጦልኛል» አለች። እውነት ነው። አንድ ገበሬ «በቅሎው ገብሴን በልታለች» አለ። በቅሎዬን ተከላክዬ ተናገርኩላት፤ ሕዝቡ ሳቀ። ዘማቹም ሊስቅ ምንም አልቀረው። ጨውና ገብስ እንድክስ፣ ሦስት ቀንም መንገድ እንድጠርግ ተፈረደብኝ።

ከዚያ ዘማቹ የየመንደሩን ስም ከደብተሩ እየጠራ ሌላ ከሳሽ እንዳለ ይጠይቅ ጀመር። ስም ይጠራል፤ ከሕዝቡ መካከል «የለም!» ይባላል። ገደሉ አፍ ላይ ያለውን መንደር ጠራ። የለም ያለም፣ አለ ያለም አልተገኘም።

«ጥሪ አልደረሳቸውም?» አለ ዘማቹ።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ «ማን ዘንድ ይደርሳል ልጄ?» አሉ።

ዘማቹ የክፍለ አገሩ ልጅ አልነበረም። የሽማግሌው ጥያቄ ራሱ መልስ መሆኑ አልገባውም መሰለኝ፣ ጠብቆ ጠብቆ ከእኔ ወዲያ ወደ ሕዝቡ አየ። ባለቤቴ ከሴቶቹ መካከል ቆማለች፤ እሷ ግን ሕዝቡን ትታ እኔን ነበር የምታየው። ለመናገር ጊዜ ነበረኝ። ደወል አልነበረም። «እኔ አለሁ፣ በእነሱ ፈንታ እኔ እከሰሳለሁ» ማለት ይቻል ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት።

ዘማቹ «ከዚህ መንደር ከሳሽ የለም» ብሎ ጻፈ። ደብተሩን አዙሮ እስክሪብቶውን ሰጠኝ።

«ትክክል ከሆነ እዚህ ላይ ይፈርሙ» አለኝ።

ፈረምኩ።